የግፊትና የታይሮይድ ክኒን አብሮ ይወሰዳል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ፋርማሲስት ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። መጠን መጨመርና መቀነስ የሐኪማችሁ ሥራ ነው። እኔ ስለ አወሳሰዱ ልመልስ።

«እናቴ ለግፊት አምሎዲፒን ትወስዳለች። እንቅርቷ በኦፕሬሽን ከወጣ በኋላ ሌቮታይሮክሲን የሚባል የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን ታዘዘላት። ሁለቱ አይጣሉም?»

አይጣሉም። አምሎዲፒንም ሆነ ሌሎቹ የግፊት ክኒኖች ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ከሌቮታይሮክሲን ጋር አብረው ይታዘዛሉ። ጣጣው ያለው ከቁርሱና ከቡናው ጋር ነው። የታይሮይዱ ክኒን ባዶ ሆድ ይፈልጋል። እናትሽ ከእንቅልፏ እንደተነሳች በውኃ ብቻ ትዋጠው። ከዚያ ቁርስም ቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። የግፊቱን ከቁርስ ጋር ብታደርገው አትረሳውም።

«ቡናውን ወተት ሳልጨምር ብጠጣስ?»

ያው ነው። ጥቁር ቡናም ወደ ደም የሚገባውን የክኒኑን መጠን ይቀንሰዋል። ቡና አልከለክልም፣ እኔም ያለሱ አልነቃም። ክኒኑን ከመኝታሽ አጠገብ አስቀምጪው። ጀበናው እስኪፈላ ሰዓቱ ይደርሳል።

«ሌቮታይሮክሲን ከጀመርኩ 2 ወር ሆነኝ። አሁን ስነሳ ያዞረኛል፣ ግፊቴም ወርዷል። የግፊቱን ላቁም?»

በራስዎ አያቁሙ። ነገሩ ግን ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ግፊት ይጨምራል፣ በተለይ የታችኛው ቁጥር። ሆርሞኑ ሲስተካከል ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ያኔ ድሮ ልክ የነበረው የግፊት መድኃኒት ይበዛል። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ይለኩና ቁጥሩን ጽፈው ለሐኪምዎ ያሳዩ። ራስዎን ከሳቱ ወይም ሊወድቁ ከደረሱ ግን ሳምንት አይጠብቁ፣ የዚያኑ ቀን ይሂዱ።

ተቃራኒውም አለ። የታይሮይዱ መጠን ከበዛ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ የላይኛው ቁጥር ይጨምራል። በዕድሜ የገፉ ሰዎችና የልብ ሕመምተኞች በትንሽ መጠን፣ ብዙ ጊዜ በ12.5 ወይም በ25 ማይክሮግራም የሚጀምሩት ለዚህ ነው።

«ለግፊት አቴኖሎል ነው የምወስደው። የተለየ ነገር አለው?»

አዎ፣ አንድ ነገር። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን ያዘገያሉ። ስለዚህ የታይሮይዱ ክኒን ቢበዛብህ እንኳ ልብህ ቶሎ ላይነግርህ ይችላል። በስሜትህ አትመን። መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተህ ቲ.ኤስ.ኤች. (የታይሮይድ መጠን ልክ መሆኑን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ተመርመር። አቴኖሎልን ደግሞ በድንገት አታቋርጥ፣ አደገኛ ነው።

«የብረት ክኒንና ካልሲየምም አለኝ። ሁሉንም በአንዴ እውጣቸዋለሁ።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ ሰው መጠኑ «አልሠራ አለኝ» የሚለው በዚህ ነው። ብረትና ካልሲየም ሌቮታይሮክሲኑን ሆድ ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። 4 ሰዓት ይራራቁ። ጠዋት 12 ሰዓት ታይሮይዱን ከዋጥሽ፣ ብረቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አይነካ። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚወስድም ለሐኪሙ ይንገር።

«በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃም አልቀምስም። ምን ላድርግ?»

አንዱ መንገድ የታይሮይዱን ማታ መውሰድ ነው፤ ከእራት በኋላ 3 ሰዓት ቆይተው፣ ሲተኙ። ረመዳን ለሚጾሙም ይኸው ሊሆን ይችላል። የሚያሸና የግፊት ክኒን፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ የሚወስዱ ከሆነ ግን ያለ ውኃ መዋል ሊያደክምዎት ይችላል። ከጾሙ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መላ አላት።

«ማርገዝ እፈልጋለሁ። ሁለቱንም እወስዳለሁ።»

ከማርገዝሽ በፊት ሐኪም ጋ ሂጂ። ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ፅንስ ይጎዳሉ፣ እንደ ሜቲልዶፓ ባለ ሌላ ይቀየራሉ። ሌቮታይሮክሲኑ ግን በፍጹም አይቋረጥም፤ እንዲያውም በእርግዝና ጊዜ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ይጨመራል።

«ሽፈራው እየጠጣሁ የግፊቱን ብተወውስ?»

አይሆንም።

«አንድ ቀን ታይሮይዱን ረሳሁት። ደርቤ ልውሰድ?»

አትደርብ። የዚያኑ ቀን ካስታወስክ ውሰደው፣ ካለፈ እለፈው። ሌቮታይሮክሲን ደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል፣ አንድ ቀን ቢጎድል አትደንግጥ። የግፊቱንም አትደርብ። በየሳምንቱ የምትረሳ ከሆነ ግን በቀን የተከፋፈለች የክኒን ሳጥን ግዛ።