ትናንት ከዜሮ በታች 28፣ ዛሬ 4፤ የቱን ልመን?

ጥያቄ፦ ልጄ በሰሜን ስዊድን፣ ኪሩና በምትባል ትንሽ ከተማ በነርስነት ሥራ ይዛለች። ቤቷ አዲሱ መሃል ከተማ ነው። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ጠዋት ጠዋት የአገሩን አየር በስልኬ አያለሁ። ትናንት ከዜሮ በታች 28 አለኝ፤ ዛሬ ደግሞ ከዜሮ በታች 4። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን? ጋቢና ወፍራም ሹራብ ልላክላት? ልሂድና ልያት ብልስ የትኛው ወር ይሻለኛል?
የልጅ እናት ነኝ፣ ከጉለሌ

መልስ፦ እትዬ፣ ስልክዎ ደህና ነው። እኔ እዚሁ ኪሩና የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ከአልጋዬ ወርጄ መጀመሪያ የማየው መስኮቱ ላይ ያለውን ቴርሞሜትር ነው። ባንድ ሌሊት 20 ዲግሪ ሲዘል እዚህ ማንም አይገረምም።

አዲስ አበባ ላይ ብርድና ሙቀቱን የሚያመላልሰው ሰዓቱ ነው። ኅዳር ማለዳ እጅ ያደነዝዛል፣ ቀትር ላይ ሹራብ ያስወልቃል። ኪሩና ግን ከዲሴምበር 11 ገደማ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። ስለዚህ እኩለ ቀኑም እኩለ ሌሊቱም በብርድ ያው ነው። የሚወስነው ሰማዩና ነፋሱ ነው።

ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ካለ፣ በበረዶ የተሸፈነው መሬት ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ወርዶ ይተኛል። ያን ቀን ነው 28 ያዩት። ከዚያ ከምዕራብ፣ ከአትላንቲክ በኩል ነፋስ ሲነሳ ደመናና ለዘብ ያለ አየር ይዞ ይመጣል፤ የተኛውንም ብርድ ይበትነዋል። ይኸው 4 ሆነ! የዚያ ባሕር ሙቀት ቀልድ አይደለም። ኖርዌይ ያለው የናርቪክ ወደብ ዊንተሩን ሙሉ በረዶ አይዘጋውም፤ የኪሩና የብረት ማዕድን በባቡር ወደዚያ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ስልክዎ ላይ የሚያዩት ዲግሪ የልጅዎ ደጃፍ ዲግሪ አይደለም። አሮጌው ከተማ የተሠራው ተዳፋት ላይ ነበር። ከሥሩ ማዕድን ስለሚቆፈር ከተማው እየተዛወረ ነው፤ አዲሱ መሃል ከተማም በ2022 ተከፈተ። እሱ ያለው ዝቅ ብሎ ስለሆነ ጸጥ ባለ ሌሊት ብርዱ እዚያ ይጠራቀማል። እኔ በአውቶቡስ ስወርድ ልዩነቱ በር ስከፍት ያስታውቀኛል።

ግን 28ቱን ብዙ አይፍሩት። ነፋስ ከሌለ ደረቅ ብርድ ነው፤ በረዶውም ደረቅ ስለሆነ ጎማ ይይዛል። ለሹፌርም ለእግረኛም የሚያስፈራው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው። በረዶው ቀልጦ መልሶ ሲረጋ መንገዱ መስታወት ይሆናል። ስለዚህ በስልክ ሲያገኟት «በረደሽ?» ከማለት «ጫማሽ ላይ የበረዶ ሹል ብረት አድርገሻል?» ብለው ይጠይቋት።

በጥቅሉ ጃንዋሪ አማካዩ ከዜሮ በታች 13 ገደማ፣ ጁላይ ከዜሮ በላይ 13 ገደማ ነው። ስዊድኖች ወቅትን በቀን መቁጠሪያ አይለዩም። የቀኑ አማካይ ለአምስት ተከታታይ ቀን 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰመር ገባ ይላሉ። በዚህ ስሌት የኪሩና ሰመር አጭር ነው፤ ዊንተሩ ግን ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል መጨረሻ አካባቢ ይዘልቃል። የሚያደክመው ወር ሜይ ይመስለኛል። ሌላው አገር አበባ ሲያይ እዚህ ጭቃና የቆሸሸ በረዶ ነው።

ወደ ሹራቡ ስንመጣ፣ ወፍራም አንድ ሹራብ ከመላክ ስስ የሱፍ የውስጥ ልብስ ብትገዛ ይሻላታል። ጥጥ ላብ ሲይዝ ይቀዘቅዛል፤ ለውጭ አይሆንም። ጋቢውን ግን ይላኩ! ቤቱ በቧንቧ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ስለሚሞቅ ወደ 20 ዲግሪ ነው፤ ሶፋ ላይ ጋቢ ለብሶ ቡና መጠጣት እዚህም ደስ ይላል። ቫዝሊንም ይጨምሩበት። የቤቱ አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ ከንፈር ይሰነጥቃል።

ለጉብኝት ብዙ ሰው ጁላይን ይመርጣል። ፀሐይ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ አትጠልቅም፣ እውነት ነው። ግን ትንኙ! እኔ የምመክርዎ ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ቀኑ ረዝሟል፣ በረዶው ገና ንጹሕ ነው፣ ቀትር ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ጁካስያርቪ በሚባል መንደር ያለው የበረዶ ሆቴል ከዚህ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልጅዎ ትውሰድዎት፤ ለከርሞው ግንባታ ከቶርኔ ወንዝ በረዶ የሚቆርጡት በዚያው ሰሞን ነው። የፀሐይ መነጽር ይያዙ፤ የበረዶው ነጸብራቅ ዓይን ያማል። ቪዛው ጊዜ ስለሚወስድ ደግሞ ማመልከቻውን ቀደም ብለው ያስገቡ።