ጥቁር ውሃ ሣር ላይ ያየሻት ወፍ

ሰላም እህቴ። በጥቁር ውሃ በኩል ሜዳው ላይ ያየሻት፣ ቡናማ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ጭረት ያለባት፣ እየሮጠች ቆም ስትል ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርገው ወፍ ምን እንደሆነች ጠይቀሻል። አፍሪካን ፒፒት ትመስለኛለች።

ወደዚያ የመራኝ ቀለሟ አይደለም፤ አረማመዷ ነው። ሣር ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ወፎች አብዛኞቹ የደረቀ ሣር ይመስላሉ፤ ከጭልፊት ዓይን የሚሰወሩትም በዚያው ነው። እኔ አንድ በጋ ሙሉ ደብተሬ ላይ "ፒፒት" እያልኩ የጻፍኩት ወፍ፣ ሐምሌ ላይ ግማሹ ቡናማ ግማሹ ቀይ ሆኖ አገኘሁት። ለካ ያ ክረምት ሲገባ ቀይና ጥቁር የሚለብሰው፣ ብዙዎቻችን የመስቀል ወፍ የምንለው ነበር! መንቁሩን ብቻ ባየሁ ኖሮ ይበቃኝ ነበር፤ የሱ እህል የሚፈለፍል፣ አጭርና ወፍራም ነው። የፒፒት ቀጭን፣ ነፍሳት የሚለቅም ነው። ላርክ የሚባለው ሌላው የሜዳ ወፍም መንቁሩ ከፒፒት ይወፍራል፣ ጭራውንም እንዲህ አያወዛውዝም።

ሌላው የሚያሳስተው ሲስቲኮላ የሚባለው ትንሽ የሣር ወፍ ነው፤ እኔ ደግሞ በጣም የምወደው እሱን ነው። አንዱ ዓይነት ዚቲንግ ሲስቲኮላ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ፒፒቷ 16 ትደርሳለች። መሬት ላይ ሲሮጥ አታዪውም፤ ሣሩ ውስጥ ይሹለከለካል። ወንዱ ግን በእርባታ ወቅት ከሜዳው በላይ እየዞረ፣ በአየር ላይ እንደ ኳስ በነጠረ ቁጥር አንድ ጊዜ "ዚት" ይላል። ዚት… ዚት… ዚት። ጆሮሽ አንዴ ከለመደው ዓይንሽን ጨፍነሽም አትስቺውም። ጎጆውን በሸረሪት ድር ከሣሩ ጋር ሰፍቶ እንደ ከረጢት ነው የሚሠራው።

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከሆነ ያየሻት አንድ ነገር ጨምሪ፤ ከአውሮፓ የሚመጣ ትሪ ፒፒት አለ። እሱ ሲደነግጥ በቅርቡ ያለ ግራር ላይ ይወጣል፤ ያንቺዋ ግን ትንሽ በርራ ተመልሳ ሜዳው ላይ ታርፋለች።

እንግዲህ ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ፣ ከብቶቹ ሳይሰማሩ ሂጂ። ስትነሳ የጭራዋን ዳርና ዳር እዪ፤ ነጭ ብልጭ ካለ ፒፒት ለመሆኗ ጥሩ ማስረጃ ነው። ክረምት ላይ ግን ለማስነሳት ብለሽ ሣሩን አትርገጪው፤ ጎጆዋ መሬት ላይ ነው። ራቅ ብለሽ ቁሚ፣ ራሷ ትወጣለች።