የኤችዲኤምአይ ገመድ ተቆርጦ ይቀጠላል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የራሴን የድሮ ሞኝነት አስታወሰኝ። ለአዳራሹ ፕሮጀክተር የገዛኸው፣ ምስልና ድምፅ ከላፕቶፕ የሚያደርሰው የ15 ሜትር ኤችዲኤምአይ ገመድ ጫፉ ወፍራም ሆኖ በግድግዳው ቱቦ አላልፍ ብሎሃል። «ጫፉን ቆርጬ ገመዱን ካሳለፍኩ በኋላ ሽቦዎቹን መልሼ ብበይዳቸው ይሠራል ወይ? በዚያው የድምፁን ሽቦ ለይቼ ወደ ድምፅ ማቀናበሪያው ሚክሰር ላወጣው እችላለሁ ወይ?» ነው ያልከው። ሁለቱም አይሆኑም። መቁረጫውን አስቀምጠውና ምክንያቱን ልንገርህ።

ከዓመታት በፊት በአንድ የሠርግ አዳራሽ ይህንኑ አድርጌዋለሁ። ቱቦው ጠባብ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ግድግዳዬ አይነካም ይላሉ። ቆረጥኩት። ቀለምን ከቀለም እያገናኘሁ እንደ ፀጉር የቀጠኑትን ሽቦዎች እስከ እኩለ ሌሊት በየድኩ። 19ኙን ፒኖች፣ ማለትም የጫፉን የብረት መገናኛዎች፣ ሽቦ ሲያያዝ በሚጮኸው መልቲሜትር ስፈትሽ ሁሉም ጮኹ። በናስትሮ ጠቅልዬ ላፕቶፑን ሰካሁ። የፕሮጀክተሩ ስም ወዲያው ወጣ፤ ምስሉ ግን የለም። ብቅ ሲልም በረዶ የዘነበበት ይመስል ነጫጭ ነጥቦች ይረጩበታል። የምስሉን ጥራት ከ1080 ወደ 720 መስመር ባወርደው ተስተካከለ፤ ይበቃል ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ሙሽሮቹ ሲገቡ ስክሪኑ ጠቆረ። የሚዜዎቹን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ችግሩ የመበየድ ጉድለት አልነበረም። ከ19ኙ ፒኖች 12ቱ የተያዙት በአራት ጥንዶች ነው፤ እያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ሽቦና አንድ መከለያ አለው። ሦስቱ ጥንዶች ምስሉን ያመላልሳሉ፣ አራተኛው ጊዜ ጠባቂ ነው። በጥንዱ አንደኛው ሽቦ ላይ የሚሄደው ምልክት በሌላኛው ላይ ተገልብጦ ይሄዳል፤ ተቀባዩ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱን እኩል ስለሚነካ ልዩነቱ አይዛባም። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ ሽቦዎች እኩል ርዝመት ኖሯቸው፣ ተጠማዝዘውና ተጠጋግተው፣ መከለያቸውን ለብሰው ሲሄዱ ነው።

ፍጥነቱን አስበው። በ1080 ምስል፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ፣ በአንዱ ጥንድ በሰከንድ 1.485 ቢሊዮን ቢት (የ0 ወይም የ1 ምልክት) ያልፋል። አንዷ ቢት ሽቦው ላይ ተዘርግታ ብትለካ ስንዝር አትሞላም፤ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። እኔ ለመበየድ ብዬ የፈታሁት ክፍል ደግሞ አምስት ሴንቲ ሜትር ነበር። ምልክቱ እዚያ ሲደርስ የጥንዱ ጠባይ ይለወጥበትና ከፊሉ እንደ ገደል ማሚቶ ወደኋላ ይመለሳል፤ ከኋላው ከምትመጣው ቢት ጋርም ይጋጫል። መልቲሜትር ይህንን አያይም፤ መዳቡ መያያዙን ብቻ ነው የሚነግርህ። 720 የተሻለው ፍጥነቱን በግማሽ ስለሚቀንሰው ነው።

ስሙስ ለምን ወጣ? የቀሩት ሰባቱ ፒኖች ዝግተኞች ናቸው። በ18ኛው ላፕቶፑ 5 ቮልት ይልካል፤ ፕሮጀክተሩ በ19ኛው «አለሁ» ይላል፤ ከዚያ በ15ኛውና በ16ኛው ማንነቱንና የሚችለውን የምስል ዓይነት ይናገራል። ይህ ንግግር እጅግ ዝግ ያለ ስለሆነ የእኔ ዓይነት ብየዳ አይከብደውም። ስለዚህ ወደፊት ስም ወጥቶ ምስል ካጣህ መጀመሪያ ፈጣኖቹን ጥንዶች ጠርጥር፤ ገመዱ ረዝሟል፣ ተቀጥሏል ወይም የገመዱ የሥራ ጥራት ዝቅተኛ ነው ማለት ሊሆን ይችላል።

ወደ ድምፁ ስንመጣ፣ ለይተህ የምታወጣው ሽቦ የለም። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባላቸው የድሮ ገመዶች ምስሉም ድምፁም የየራሱ መንገድ ነበረው፤ ቀዩን ነቅለህ ሚክሰር ላይ ትሰካ ነበር። በኤችዲኤምአይ ግን ድምፁ በምስሉ ክፍተት ተሳፍሮ ይመጣል። የምናየው 1920 በ1080 ነጥብ ነው፤ በገመዱ የሚያልፈው ግን ከነክፍተቱ 2200 በ1125 ነው። ድምፁ በዚያ ትርፍ ቦታ በትንንሽ እሽግ ይገባል። አንተ ግን ላፕቶፑ አጠገብ ስለምትቀመጥ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በተራ ገመድ ወደ ሚክሰሩ አውጣው። ላፕቶፑ ድምፁን በኤችዲኤምአይ እንዳይልክ የድምፅ መውጫውን መቀየር አትርሳ።

እንግዲህ ምን ታድርግ? እኔ ብሆን በቱቦው ካት 6 የኔትወርክ ገመድ እጎትታለሁ። እሱ ተቆርጦ ጫፉ ቦታው ላይ እንዲገጠም የተሠራ ነው፤ ጥንዶቹን ጫፍ ላይ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አትፍታቸው እንጂ። ከዚያ በሁለቱ ጫፍ የኤችዲኤምአይን ምልክት በኔትወርክ ገመዱ የሚያሻግሩ ላኪና ተቀባይ ሳጥን ትሰካለህ። ሳጥኖቹ ኃይል ይፈልጋሉ፤ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር እንዳይጠፉ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አድርጋቸው።

ሌላው አማራጭ ጫፉ የሚነቀል የፋይበር ኤችዲኤምአይ፣ ማለትም ምስሉን በብርሃን የሚያደርስ ገመድ፣ ነው፤ ትንሹ ጫፍ በቱቦው ያልፍና ትልቁን በኋላ ትገጥምበታለህ። ነገር ግን አቅጣጫ አለው፤ አንደኛው ጫፍ የላኪ፣ ሌላኛው የተቀባይ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ገልብጬ ጎትቼ ሙሉ ከሰዓት በኋላ መልሼ ሳወጣ ውያለሁ። ከመጎተትህ በፊት መሬት ላይ ዘርግተህ ሰክተህ ሞክረው።

የቱቦውን የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር ለክተህ፣ ስንት ቦታ እንደሚታጠፍም አይተህ እዚሁ ጻፍልኝ፤ የትኛው እንደሚያልፍ ያኔ እነግርሃለሁ።