ነጥቧ አዘዋ ገደል፣ አባት ሰኞ ገበያ

አንዲት የደሴ ነዋሪ እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች፦ «አባቴ መርሳት ጀምረዋል። የት እንዳሉ እንድናውቅ ስልካቸው ቦታቸውን እንዲያሳየን አድርገናል። መንገድ ላይ ሲሆኑ ካርታው አይሳሳትም። ባለፈው ምሽት ግን አዘዋ ገደል አሳየንና ባትሪ ይዘን ስንሮጥ ሄድን። ለካ ሰኞ ገበያ ወዳጃቸው ሱቅ፣ ምድር ቤት ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ። ስልኩ ተበላሽቶ ነው? እንቀይረው?»

እህቴ፣ ገንዘብሽን አታውጪ፤ ስልኩ ደህና ነው። ያሳታችሁ ነጥቧን ብቻ ማየታችሁ ነው። በነጥቧ ዙሪያ ደብዛዛ ክብ አለ። ስልኩ የሚላችሁ «ከዚህ ክብ ውስጥ አንድ ቦታ ነኝ» ነው፤ ነጥቧ የክቡ መሃል ከመሆን ያለፈ ትርጉም የላትም። ያን ምሽት ክቡን ብታዩት ኖሮ ግማሽ ከተማውን ሳይሸፍን አይቀርም። ከስማቸው ሥር የሚጻፈውን ሰዓትም ተመልከቱ፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት የተላከ ነጥብ አሁን የት እንዳሉ አይናገርም።

ደጅ ላይ ልክ የሚሆነው ስልኩ ጂፒኤስ ስለሚጠቀም ነው። ሳተላይቶቹ 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላሉ ሞገዳቸው እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው። ስልኩ ቦታውን ለማስላት ደግሞ ቢያንስ 4 ሳተላይቶችን በአንድ ጊዜ መስማት አለበት። የፎቅ ኮንክሪትና የጣሪያ ቆርቆሮ ይህን ይከለክሉታል። በደሴ ላይ የጦሳ ተራራም በበኩሉ ከምዕራቡ ሰማይ ቆርሶ ይወስድብናል።

ሳተላይት ሲጠፋበት ስልኩ ወደ ኔትወርክ ማማዎች ይዞራል፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ስልክ የሚይዘው ደህና አድርጎ የሚሰማውን ማማ ነው እንጂ የግድ ቅርቡን አይደለም። ተዳፋት ላይ በተሠራ ከተማ እነዚህ ሁለቱ ይለያያሉ፦ ቅርቡ ማማ ከፎቆች ጀርባ ይደበቃል፣ ከማዶ ያለው ግን በክፍት በር በኩል ፊት ለፊት ይታያል። ካርታው በበኩሉ ስልኩን የተያዘው ማማ የሚሸፍነው ቦታ መሃል ላይ ያስቀምጠዋል። የዚያ ሱቅ በር ወደ አዘዋ በኩል ይመለከታል ብዬ እወራረዳለሁ።

«ታዲያ ማማው ርቀቱን አይለካም?» ትይ ይሆናል። ይለካል። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ 300 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ሞገዱ የፈጀው ጊዜ ወደ ርቀት ይለወጣል። በ2ጂ የልኬቱ እርከን 550 ሜትር ያህል ነው፤ በ4ጂ ወደ 78 ሜትር ይወርዳል። ከሦስት ማማ የተለካ ርቀት ቢገኝ ሦስቱ ክቦች የሚገናኙበትን መፈለግ ነው። ምድር ቤት ውስጥ ግን ስልኩ አንዱን ማማ እንኳ በጭንቅ ይሰማል፤ ያም ሞገድ ተራራ ላይ ነጥሮ የመጣ ከሆነ መንገዱ ስለሚረዝም ሰውየው ከእውነቱ በላይ የራቁ ይመስላል። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ጣጣ ይቀልለታል።

ቤት ውስጥ የሚያዋጣው ዋይፋይ ነው፤ የአንድ ዋይፋይ ሞገድ ከጥቂት አሥር ሜትሮች ብዙም ስለማይርቅ ክቡን ያጠብበዋል። በስልካቸው ቅንብሮች ውስጥ «አካባቢ» የሚለውን ክፈቺና የአካባቢ ትክክለኛነትንና የዋይፋይ ቅኝትን አብሪ። የይለፍ ቃል አያስፈልግም፤ ስልኩ በአካባቢው ያሉትን የዋይፋይ መለያዎች ማየቱ ብቻ ይበቃዋል። ባትሪ ቆጣቢውን አጥፊው፤ ስክሪኑ ሲጠፋ የቦታ ፍለጋውንም ሊያቆመው ይችላል። ዋይፋይም ቢሆን ይሳሳታል፦ አንድ ደንበኛዬ የዋይፋይ መሣሪያውን ከኮምቦልቻ ይዞ ደሴ ገባ፤ ስልኩ ግን ለቀናት ኮምቦልቻ ነኝ ሲል ሰነበተ። አብረን ብዙ ሳቅን።

አሁን ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ልስጥሽ። የአባትሽን ስልክ ይዘሽ በሚያዘወትሯቸው ቦታዎች ሁሉ ሂጂ፦ ቤት፣ መስጊድ፣ ያ ሱቅ። እያንዳንዱ ቦታ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ቆዪና ካርታው የት እንዳሳየ፣ ክቡም ምን ያህል እንደሆነ ደብተር ላይ ጻፊ። የኔትወርክ መሐንዲሶችም ሕንፃ ውስጥ ያለ ስልክን ለማግኘት ይህንኑ ይሠራሉ፤ በየቦታው የሚሰማውን ሞገድ አስቀድመው ይመዘግቡና ኋላ ያመሳስላሉ። ከዚያ በኋላ አዘዋ ላይ ሰፊ ክብ ስታዪ ደብተርሽ «ሱቁ» ይልሻል። በእውነት ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ቢሆን ኖሮ ሰማዩ ክፍት ስለሆነ ክቡ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሜትር ድረስ ይጠብብ ነበር።

የባለሱቁንም ቁጥር ያዙ፤ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ደውሉ። አባትሽ እዚያ ከሌሉ ግን ክቡ ሰፊም ይሁን ጠባብ ባትሪያችሁን ይዛችሁ ውጡ።