ጥጥ፣ ቀርከሃ ወይስ ፖሊስተር? ለጠየቅሽን እህት

ሰላም እህቴ። «የምኖረው አሜሪካ ነው፤ አካባቢን የማይጎዳ ልብስ መልበስ እፈልጋለሁ። ለልጄ የቀርከሃ ፒጃማ ልግዛ ወይስ የጥጥ? ፖሊስተርን ጭራሽ ልተወው? ለእህቴ ሰርግ ደግሞ አዲስ አበባ የሐበሻ ቀሚስ ላሠራ ነው፤ ምን ብዬ ልጠይቅ?» ብለሻል። እኔ የምሠራው ልብስ ስፌት ላይ ነው፤ ጨርቅ ሳገላብጥ ነው የምውለው። መልሴ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ «የተፈጥሮ ከሆነ ጥሩ፣ ሰው ሠራሽ ከሆነ መጥፎ» የሚለውን ተይው። እኔ ጨርቅ ስመርጥ የማየው ክሩ እንዴት እንደተሠራና ልብሱ ስንት ዓመት እንደሚለበስ ነው።

ከቀርከሃው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቀርከሃ ቶሎ ይበቅላል፣ ብዙ ፀረ ተባይም አይፈልግም። ይሄ እውነት ነው። ግን ያ ጠንካራ ግንድ ፒጃማ የሚሆነው በኬሚካል ሟሙቶ ነው። ተፈጭቶ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ይነከራል፣ ካርቦን ዳይሰልፋይድ የሚባል ኬሚካል ይገባበታል፣ እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በጥቃቅን ቀዳዳዎች እየተገፋ አሲድ ውስጥ ሲገባ ክር ሆኖ ይወጣል። ይሄ ቪስኮስ ወይም ሬዮን የሚባለው ነው። ካርቦን ዳይሰልፋይዱ ፋብሪካው ውስጥ በደንብ ካልተያዘ የሠራተኛውን ነርቭና ልብ ይጎዳል። አንቺ ባለሽበት አገር የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ እንዲህ ያለውን ጨርቅ «ቀርከሃ» ብሎ ብቻ መሸጥ አይፈቅድም፤ «ከቀርከሃ የተሠራ ሬዮን» መባል አለበት። በ2022 ዋልማርትና ኮልስ የሚባሉት ትልልቅ መደብሮች በዚሁ ጉዳይ በድምሩ 5.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ስለዚህ መለያው ላይ አረንጓዴ ቅጠል ስላየሽ አትቸኩዪ።

ከእንጨት የሚሠራ ለስላሳ ጨርቅ ከወደድሽ «ሊዮሴል» የሚል ፈልጊ። የኦስትሪያው ሌንዚንግ «ቴንሴል» በሚል ስም ይሸጠዋል። ከሚሠራባቸው ዛፎች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው፤ አዎ፣ እኛ አገር ውኃ ይመጥጣል እያልን የምናማርረው ያው ባሕር ዛፍ። ከቪስኮስ የሚለየው የሚሟሟበት ኬሚካል ነው። ካርቦን ዳይሰልፋይድ የለበትም፤ ማሟሟቻው ከ99 በመቶ በላይ ተመልሶ ተጣርቶ እንደገና ያገለግላል። ሰው ሠራሽ ነው፣ ግን በግድየለሽነት ከተመረተ ጥጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥጥ ደግሞ እንደ አበቃቀሉ ነው። በዝናብ የበቀለውና በመስኖ የበቀለው ለየቅል ናቸው። የአራል ባሕር ከ1960ዎቹ ጀምሮ የደረቀው የሚመግቡት ሁለት ወንዞች በዋናነት ወደ ጥጥ እርሻ ስለተጠለፉ ነው። ኦርጋኒክ (ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የበቀለ) የሚለው ቃልም ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ማን አረጋገጠው የሚለው ነው ጥያቄው። «ጎትስ» (GOTS) የሚባለውን የማረጋገጫ ምልክት ፈልጊ። እሱ «ኦርጋኒክ» ብሎ እንዲጽፍ የሚፈቅደው ቢያንስ 95 በመቶው ክር ኦርጋኒክ ሲሆን ነው፤ ማቅለሚያውንና የሠራተኛውን ሁኔታ ጭምር ያያል። «ኦኮ ቴክስ 100» (OEKO-TEX) የሚለው ምልክት ግን ሌላ ነው፤ ያለቀው ልብስ ላይ ጎጂ ኬሚካል መኖር አለመኖሩን ይመረምራል እንጂ ጥጡ እንዴት እንደበቀለ አይነግርሽም። ለልጅሽ የጥጡን ውሰጂ። ደግሞ እዚያ አገር የሕፃናት የጥጥ ፒጃማ ጠበብ ብሎ የሚሸጠው በእሳት መከላከያ ደንብ ምክንያት ነው፤ ሰፊ ልብስ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ልክ አይደለም ብለሽ ሰፊ ቁጥር እንዳትገዢለት።

ተልባንም አትርሺ። እኛ ለፍሬው እንዘራዋለን፤ ፈረንሳይና ቤልጂየም ደግሞ ከግንዱ ሊነን የሚባለውን ጨርቅ ያወጡበታል። ብዙ ውኃ አይፈልግም፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። ይጨማደዳል፤ እሱን ቻዪው። ሱፍ ደግሞ ሽታ ቶሎ ስለማይዝ ሳይታጠብ ይለበሳል፤ አናፍሰሽ መልሰሽ መስቀል ነው።

ፖሊስተርን «ጭራሽ ልተወው» ላልሽው፣ አይ። የሚሠራው ከነዳጅ ነው፣ ሲታጠብ ዓይን የማያየው የፕላስቲክ ብናኝ ይለቃል፤ ይሄ አይካድም። ሪሳይክልድ የሚባለውም በአብዛኛው ከፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ የተሠራ ነው፤ እሱም ይበናል። ግን ለዝናብ ጃኬት፣ ለቦርሳ፣ ለዋና ልብስ ሥራውን ይችላል። ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ያለውን ደህና ፖሊስተር ጥለሽ ኦርጋኒክ ብትገዢማ ዋናው ነገር ገደል ገባ ማለት ነው። እስኪያልቅ ልበሺው፤ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ማሽኑ ሲሞላ ብቻ እጠቢው። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ቅልቅሉ ነው። ጥጥ ተብሎ ፖሊስተርና ላስቲክ የገባበት ልብስ አይበሰብስም፣ መልሶ ክር ማድረጉም ፈተና ነው። አንድ ዓይነት ክር ያለበትን ምረጪ። የሳልባጅ ልብስ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ጉዳት አለው፤ የተፈተለው ዱሮ ነው፣ አንቺ የምታደርጊው ዕድሜውን ማራዘም ነው።

አሁን ወደ ሰርጉ። እዚህ ላይ ዘርዘር አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም «የሐበሻ ልብስ ስለሆነ የአገር ጥጥ ነው» ብለው የሚመጡ ደንበኞች ብዙ ናቸው። ሽሮ ሜዳ ላይ የተሰቀለው ሁሉ ጥጥ አይደለም። ጥለቱ የታተመበት ሺፎን አለ፤ ከውጭ በጣቃ የሚገባ ፖሊስተር ነው። ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ሰው ይወደዋል፤ አልፈርድም። የሸማኔ እጅ ግን አልነካውም።

ሸማኔ የሠራው ከሆነ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ድሩ ምንድን ነው፣ ማጉ ምንድን ነው፣ ጥለቱስ? ዛሬ ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ቀጥ ብሎ ተወጥሮ የሽመናውን ምት ስለሚችል ሸማኔው ይመርጠዋል። በወርዱ የሚገባው ማግ ግን የእጅ ፈትል ሊሆን ይችላል። ጥጡ ፍሬው ወጥቶለት፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት የተፈተለ ማለት ነው። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገሽ እዪው። የእጅ ፈትል አንዱ ቦታ ቀጠን፣ አንዱ ቦታ ወፈር ይላል፤ ነጭነቱም ወተት ወተት ይላል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነና ዓይን የሚወጋ ንጣት ካለው የፋብሪካ ነው። ጥለቱ ላይ የሚያብረቀርቀው ክር ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው። ከፈለግሽ በቀለም የተነከረ የጥጥ ክር ይሁንልኝ በያቸው፤ ድምቀቱ ይቀንሳል፣ ለእኔ ግን ያምራል።

ከተጠራጠርሽ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር ምዘዢ። በወረንጦ ያዢና ሰሃን ላይ አድርገሽ ክብሪት አስጠጊው። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ሲነኩት የሚበን አመድ ይተዋል። ሐርና ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጣት ላይ የሚቆረቁር ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ቪስኮስ በእሳት ከጥጥ አይለይም። እሱን ለመለየት ክሩን አርጥበሽ ጎትቺ፤ ቪስኮስ ሲረጥብ ይደክማል፣ ቶሎ ይበጠሳል፤ ጥጥ ግን ሲረጥብ ጭራሽ ይጠነክራል።

ለነጠላው ሐር ካማረሽ እዚሁ አገር የሚመረት አለ። ትሉ የሚበላው የጉሎ ቅጠል ነው። ራሱን የሚጠቀልልበትን ቤቱን በአንድ በኩል ክፍት ስለሚያደርገው ክሩ እንደ ሌላው ሐር አይመዘዝም፤ እንደ ጥጥ ይፈተላል። ስለዚህ እንደ መስታወት አያብለጨልጭም፣ ሞቅ ያለ ነው። ዋጋው ግን ከጥጡ ይወደዳል።

በመጨረሻ፣ ቀደም ብለሽ እዘዢ፣ ሸማኔውን አታስቸኩዪው፤ ሰርግ ሲደርስ የሚመጣ ሁሉ የሺፎኑን ይዞ የሚሄደው ለዚህ ነው። የእጅ ፈትል ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከመቆረጡ በፊት ጨርቁ ተነክሮ ይድረቅ በያቸው፣ አለዚያ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ቀሚሱ ያጥርሻል። ጫፉ ላይም ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ትርፍ ያስተርፉልሽ። ከጥለቱ የተረፈውን ክር ደግሞ አብረው ይስጡሽ፤ ዳሩ ሲሳሳ የምትጠግኚበት ተመሳሳይ ቀለም አሜሪካ አታገኚም።