ቀድሞ የተከፈለ አትክልት

እህቴ፣ «ገበሬው መሬቱን ሳይጎዳ እያመረተ የሚያተርፍበት የንግድ መንገድ አለ? ወይስ ሁሉም ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሆለታ አካባቢ ከስድስት ገበሬዎች ጋር አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

አዲስ አበባ ያሉ ቤተሰቦች የሦስት ወር ክፍያ ቀድመው ይሰጡናል። እኛ በየቅዳሜው የደረሰውን አትክልት በዘንቢል እናደርሳለን። ይህ አሠራር ጃፓን ውስጥ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቴኬይ» እየተባለ ይሠራበታል፤ አሜሪካም በ1986 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። ደንበኞቻችን ግን የገባቸው «እንደ ዕቁብ ነው» ስንላቸው ነው።

ዋናው ነገር ብሩ የሚመጣበት ጊዜ ነው። ድሮ ገበሬው ለዘርና ለማዳበሪያ ከደላላ ይበደራል። ጎመኑ ሲደርስ ደላላው ራሱ በቆረጠው ዋጋ ይወስዳል። ባቄላ ማፈራረቅ መሬቱን እንደሚያሳርፍ ገበሬው ከማንም በላይ ያውቃል፤ ግን ዕዳ አንቆት እንዴት ያፈራርቅ? አሁን የዘሩ ገንዘብ ሳይዘራ እጁ ይገባል። አንዷ እናት የከብቶቻቸውን እበት በሙሉ ኩበት አድርገው ይሸጡ ነበር። ዛሬ ግማሹ ለኮምፖስት ነው። ባለፈው ስሄድ ክምሩ ውስጥ የሰኩትን ዱላ መዘው አስጨበጡኝ። ይፋጃል። «እየበሰለ ነው» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

ቀላል ነው ብዬ ግን አላታልልሽም። በመጀመሪያው ዓመት ፋሲካ ጣለን። በሑዳዴ 55 ቀን ትእዛዙ ጎርፎ ነበር፤ ጾሙ ሲፈታ ግማሹ ደንበኛ ቆመ፣ ጎመኑም ማሳ ላይ ቀረ። አሁን ሦስቱን ወር ከጾሙ አጋማሽ እንጀምራለን፤ ክፍያው ፋሲካን ተሻግሮ ይሄዳል። ከበዓሉ በኋላም ዘንቢሉ ውስጥ ድንችና ካሮት ይበዛል።

ሐምሌ ላይ ደግሞ በረዶ ሰላጣውን አወደመው። «ብሬን መልሱ» ያሉን ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም። የዕቁቡ ምሳሌ እዚህ ላይ ያሳስታል፣ ዕቁብ ያዋጣሽውን ሙሉ ይመልሳላ። ኪሳራውንም አብረን እንደምንካፈል መጀመሪያ ቁጭ ብለን መንገር ነበረብን። አሁን በጽሑፍ አድርገነዋል።

ልትጀምሪ ካሰብሽ በአንድ ሰፈር ሃያ ቤት ይበቃሻል። ከተበታተኑ ትርፉን ነዳጅ ይበላዋል። ገበሬዎቹንም ስንት ዕዳ እንዳለባቸው አስቀድመሽ ጠይቂ። እኛ አንዱን ሳንጠይቅ አስገባነው። ቅዳሜ ማለዳ ዘንቢላችንን ይዘን ስንደርስ፣ ማሳውን ሌሊቱን ደላላው አጭዶት ነበር። ሰውየው ዓይናችንን ማየት አቃተው። የዚያን ሰው ዕዳ ቀድመን አውቀን ቢሆን ከመጀመሪያው ክፍያ ላይ እንዘጋለት ነበር። ከዚያ ወዲህ የምናደርገው እንደዚያ ነው።