ከታጠረ ቦታ ፊት ለፊት ለሚኖር ሰው፦ «መቼ ያልቃል?» ብለው አይጠይቁ

እህታችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት። ከቤትዎ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ሕንፃ ይሠራበታል ተብሎ በቆርቆሮ ከታጠረ ስድስት ዓመት አልፎታል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሥራው ቆሟል። እናንተም «የልማት ክልል ውስጥ ናችሁ» እየተባላችሁ የሚያፈስ ጣሪያ እንኳ እንዳታድሱ ተከልክላችኋል። ለማን አቤት እንበል፣ ወይስ አርፈን እንጠብቅ ነው የሚሉት። አርፎ መጠበቁን አልመክርም። ግን ደግሞ ወረዳ ድረስ ሄዶ «ይህ ሕንፃ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ መጠየቅ ከመጠበቅ ብዙም አይሻልም። ለዚህ ጥያቄ «በቅርቡ» ከሚል መልስ ሌላ ያገኘ ሰው አላውቅም።

እኔም የምኖረው መሀል አዲስ አበባ ነው፤ ጉዳያችን ገና ስላልተዘጋ ሰፈሩን ለይቼ አልጠራም። የዕድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ ነዋሪው የሚጽፈውም የሚጻፍለትም ደብዳቤ በእጄ ያልፋል። ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት ከተከለለ ዓመታት አልፈውታል፤ ከጀርባችንም እንደ እርስዎ ያለ የታጠረ ቦታ አለ። ያ ቦታ ከመታጠሩ በፊት የሐዘን ድንኳን የምንተክልበት ሜዳችን ነበር። ዛሬ ሰው ሲሞትብን ድንኳኑን አስፋልት ዳር እንተክላለን፤ ለቀስተኛው ከታክሲ ጋር እየተጋፋ ይቀመጣል።

ከሁሉ አስቀድመው ሁለቱን ጉዳዮች ይለያዩ። የታጠረው ቦታ አንድ ፋይል ነው፤ የእናንተ ቤቶች ጉዳይ ሌላ ፋይል ነው። የሚመለከታቸው ክፍሎችም፣ የሚመሩባቸው ሕጎችም የተለያዩ ናቸው። ነዋሪው ሁለቱን አደባልቆ አንድ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ የመሬቱ ክፍል «የቤቱ ጉዳይ እኛን አይመለከትም» ይላል፣ የቤቱ ክፍል ደግሞ «የባለሀብቱን ጉዳይ መሬት ክፍል ጠይቁ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ነዋሪው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከታጠረው ቦታ እንጀምር። በከተማችን መሬት በሊዝ የወሰደ ሰው የሚፈርመው ውል አለ፤ ውሉ ላይ ግንባታ የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ጊዜ ተጽፏል። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለማጠናቀቂያ ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36 ወር፣ ለከፍተኛ ግንባታ እስከ 48 ወር ይሰጣል። በቂ ምክንያት ሲኖር የሚጨመር ጊዜ አለ፤ እሱም ገደብ አለው። በጊዜው ካልጀመረ ውሉ ተቋርጦ መሬቱ ይመለሳል። በወረቀት ላይ እንግዲህ ስድስት ዓመት የሚቆም ጉድጓድ ሊኖር አይገባም።

ታዲያ እንዴት ይኖራል? አንደኛው መንገድ ጉድጓዱ ራሱ ነው። መቆፈር «ግንባታ ተጀምሯል» ለማለት ያገለግላል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መሬቱ ባዶ እንዳልሆነ ያያል፤ ፋይሉ ላይ «በግንባታ ላይ» ተብሎ ይጻፋል። የእኛው ጥበቃዎች በአጥሩ ውስጥ ጎመን ዘርተው ነበር፤ ጥሩ ጎመን ነው፣ ሰፈሩም ገዝቶ በልቷል። በወረቀቱ ላይ ግን ቦታው ያን ጊዜም «በግንባታ ላይ» ነበር።

ሁሉም ባለሀብት መሬት አጥሮ ዋጋ የሚጠብቅ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በእነዚህ ዓመታት መገንባት እውነትም ከባድ ነበር። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የብር ዋጋ በ15 በመቶ ሲቀንስ በድሮ ዋጋ ውል የገቡ ተቋራጮች ተጎዱ። ከዚያ የሲሚንቶ እጥረቱ መጣ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ በብድር ይገነባ የነበረ ሁሉ እጁ ታሰረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። አሳንሰር፣ ጄኔሬተር፣ የመስታወት ግድግዳ፣ ብዙው የኤሌክትሪክ ዕቃ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ብረቱ የዛገ ሕንፃ ስናይ፣ ባለቤቱ እንደ እኛው የተቸገረ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱን የማውቅበት የራሴ ዘዴ አለኝ። የተቸገረው ሰው ጉዳዩን አይደብቅም፤ መሐንዲሱን ሲያገኙት «ብድሩ አልተለቀቀም» ብሎ ይነግርዎታል፣ ገንዘብ ሲያገኝም አንድ ወለል ይጨምራል። ዋጋ የሚጠብቀው ቦታ ላይ የሚያገኙት ጥበቃ ብቻ ነው፤ ባለቤቱም በየጊዜው ይቀየራል ይባላል። አዋጁ ግማሽ ያልደረሰ ግንባታ ያለበትን ቦታ ማስተላለፍ ያለ ተቆጣጣሪ እንዳይካሄድ ቢልም፣ ድርጅቱ በስሙ ቆይቶ ባለአክሲዮኖቹ ሲለወጡ ከውጭ የሚያየው የለም።

ስለዚህ ለመሬት ክፍሉ የሚጽፉት ጥያቄ እንዲህ ይሁን፦ የዚህ ቦታ የሊዝ ውል የተፈረመው መቼ ነው? ግንባታው እንዲጠናቀቅ የተሰጠው ቀን የትኛው ነው? ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቷል ወይ? ከተሰጠስ መቼ ያበቃል? እነዚህ መልሳቸው ቀን የሆኑ ጥያቄዎች ናቸው፤ «በቅርቡ» አይመልሳቸውም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለውና መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ጥያቄውን በሁለት ቅጂ ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ያስገቡ፤ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር ያስመቱ። ማኅተም የሌለበት ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። መልስ ከከለከሉ ወይም ዝም ካሉ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል። ተቋሙ ክፍያ አይጠይቅም፤ ፍጥነት ግን አይጠብቁ። እኛ ቀኑን ያወቅነው በዚህ መንገድ ነው። ሕንፃው አሁንም አልተሠራም፣ ነገር ግን የተራዘመለት ጊዜ ማለፉን የሚገልጽ ወረቀት በእጃችን ስላለ ስብሰባ ላይ ማንም «ገና ጊዜ አለው» ሊለን አይችልም።

የታጠረ ቦታ አይነካም የሚሉ ሰዎች ይገጥሙዎታል። ፒያሳ ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ የቆመበት ቦታ፣ ከዚያ በፊት ለሌላ ግንባታ ተሰጥቶ ለረጅም ዓመታት ታጥሮ የቆየ ነበር። መንግሥት ሲፈልግ ይነካል። ነዋሪ ሲጠይቅ ይነካል ወይ የሚለው ነው ያልተመለሰው።

የጉድጓዱን አደጋ ደግሞ ለብቻው ያቅርቡት፤ ፈጥኖ መልስ የሚያገኘው እሱ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃ ያቁራል፣ አፈሩ ይናዳል፣ የጎረቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ልጆች አጥሩን ሾልከው ይገባሉ። የሕንፃ አዋጁ የሚገነባ ሰው የአጎራባቾቹን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። ስንጥቁን ከሰኔ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከመስከረም በኋላ አንድ ጊዜ ፎቶ ያንሱ፤ አጠገቡ የዕለቱን ጋዜጣ ወይም ማስመሪያ ያስቀምጡ። ለግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ክፍሉ «ሕንፃው ዘገየ» ብለው ሳይሆን «ግድግዳዬ ሊወድቅ ነው» ብለው ይጻፉ። በእኛ በኩል ያለው ባለሀብት ስለ መዘግየቱ አንድም ቀን መልስ ሰጥቶን አያውቅም፤ ስለ ስንጥቁ በጻፍን ሰሞን ግን ጥግ ጥጉን የድንጋይ ግንብ አስገነባ።

አሁን ወደ ቤቶቹ ልምጣ፤ ሰው የሚያረጀው እዚህ ላይ ነው። ሕንፃው ዘገየ አልዘገየ፣ እኔ በበኩሌ ያለ መስታወት ፎቅ እኖራለሁ። የማይቻለው ቀን በሌለው ቀጠሮ መኖር ነው። «ትነሳላችሁ» የተባለ ሰፈር ውስጥ ቆርቆሮ የሚቀይር ሰው ሞኝ ይባላል። መጸዳጃ ቤቱ ሲሞላ «ለስንት ቀን ብለን» ይባላል። አዲስ የውኃ ቆጣሪ የሚጠይቅ «ሰፈሩ ይፈርሳል» ተብሎ ይመለሳል። ካርታ ያለው ሰው ባንክ ሄዶ በቤቱ ሊበደር ሲል፣ ባንኩ ቦታው የት እንደሆነ ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። ተከራይ ዋጋ ያስቀንሳል። ልጅ ሲዳር «አዲሱ ቤት ስንገባ» እየተባለ ሠርጉ ይገፋል። በየመስከረሙ «ከበዓል በኋላ ነው» የሚል ወሬ ይመጣል፣ በየሰኔው «ከክረምት በኋላ» ይሆናል። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ እናት የዕቃ ሣጥናቸውን አሽገው ሳይፈቱት አረፉ።

እንዲህም ሆኖ መዘግየቱን በልባቸው የሚወዱ ጎረቤቶች አሉ፤ እኔም አልፎ አልፎ ከእነሱ ነኝ። የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ካሳንቺስ እንዴት እንደፈረሱ ሁላችንም አይተናል። የእነዚያ ሰፈሮች ሰዎች ቅሬታ የተገላቢጦሹ ነበር፤ ዕቃ ለማውጣትና የልጅ ትምህርት ቤት ለማዛወር ጊዜ አጣን ነው ያሉት። ስለዚህ ስብሰባ ላይ «ቶሎ ይሠራ» ብላችሁ አትጩኹ። «ቀኑ ይታወቅ፣ እስከዚያ ድረስ እንደ ሰው እንኑር» በሉ።

እስከዚያ ድረስ የመኖሩን ነገር በተግባር እንዲህ አደረግነው። የጣሪያ እድሳት ሲከለከል አብዛኛው ሰው በቃል ተከልክሎ በቃል ይመለሳል። እኛ ግን ስፋት የማይጨምር፣ ግድግዳ የማያፈርስ፣ ቆርቆሮ መቀየር ብቻ የሆነ ጥገና እንዲፈቀድልን በየቤቱ ለየብቻ ጻፍን፤ መጨረሻው ላይም «የማይፈቀድ ከሆነ ክልከላው በጽሑፍ ይሰጠን» የሚል መስመር ጨመርን። ሠራተኛው ደብዳቤውን ደጋግሞ አነበበው። መከልከሉን በፊርማው ማረጋገጥ የፈለገ አልነበረም፤ ከተወሰኑት በቀር ለሁላችንም ተፈቀደ። ያደሳችሁትን ደረሰኝ አትጣሉ፤ ካሳ ሲገመት ያስፈልጋል።

የግል ይዞታ ያላቸው ሰዎች ማወቅ ያለባቸው አንድ ነገር አለ። ለሕዝብ ጥቅም የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በቡድን ሆነው ቦታቸውን ራሳቸው ለማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይናገራል። ይህን አንቀጽ ስብሰባ ላይ ሳነሳው ብዙ ሰው ተገረመ። አቅሙ ያላቸው ጥቂት ናቸው፤ አምስት ስድስት ቤተሰብ ይዞታውን ቢያዋህድ እንኳ ባንክ የሚጠይቀው መነሻ ቀላል አይደለም። መብቱን በጽሑፍ ሳይጠይቅ የቀረ ግን ኋላ «ማልማት እንደማይፈልግ ገልጿል» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የማስለቀቂያ ትእዛዝ በእጅ ሲደርስ ደግሞ ቅሬታ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው። ዓመታት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ወረቀቱን አልጋ ሥር አድርጎ አንድ ወር ሲያልፈው አይቻለሁ።

የቀበሌ ቤት ተከራይ የሆኑት ነገር ይለያል። ቤቱ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ስለሆነ የቤት ካሳ አይታሰብላቸውም፤ የሚጠብቁት ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕድል ነው። ለእነዚህ ሰዎች ዋናው ሰነድ የኪራይ ውሉና ያልተቋረጠ የኪራይ ደረሰኝ ነው። ኪራዩ ጥቂት ብር ናት ብለው «ይፈርሳል» በተባለበት ዓመት መክፈል ያቆሙ ጎረቤቶቻችን በኋላ ስማቸውን ለማስገባት ብዙ ተንገላተዋል። ስም አስገባለሁ የሚል ደላላም አይጠፋም። ገንዘብ እንዳትሰጡት። ዝርዝሩ ውስጥ ሊያስገባችሁ የሚችል ሰው ሊያስወጣችሁም ይችላል።

ዕድራችሁ ጠንካራ ከሆነ ደብዳቤዎቹን በዕድሩ ማኅተምም በየግላችሁም አስገቡ። የጋራው ደብዳቤ ለስብሰባ ይጠቅማል፤ ለየቤቱ መልስ ለመጠየቅ የሚያመቸው ግን በየግል የተጻፈው ነው።

የእርስዎ ቤት የግል ይዞታ ይሁን የቀበሌ ቤት አልገለጹልንም። የጣሪያው ክልከላ በጽሑፍ ነው የተሰጥዎት ወይስ በቃል? እነዚህን ሁለቱን ይንገሩኝና እኛ ያስገባነውን የደብዳቤ ቅጂ፣ ስማችንን ሰርዤ፣ እልክልዎታለሁ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ግን የስንጥቁን ፎቶ ዛሬውኑ ያንሱት።